ለኡኩሌሌና ለማንዶሊን የሚሆን ርካሽ ካፖ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ምን ትጠቀማላችሁ?

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ። ትንሽ ኡኩሌሌ፣ ጊታር መሳይ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ አለችኝ፤ ሶፕራኖ የሚሏት፣ ባለ ናይለን ክር። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ልጆቹን የማዘምራቸው በእሷ ነው።

የምችላቸው ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ሰባትና ኤ ማይነር ናቸው። በእነሱ ስጫወት ዜማው ለእኔ ይመቻል፤ ለልጆቹ ግን ዝቅ ይልባቸዋል። ድምፃቸው ሲጠፋ እሰማለሁ፣ አንዳንዶቹም ዝም ይላሉ። ካፖ ካለሽ፣ ማለት አንገቱ ላይ ክሮቹን አብሮ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ሁለት ሦስት ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ከፍ አድርገሽ በዚያው ኮርድ ትጫወቻለሽ ተባልኩ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ የጊታር ካፖ ላከልኝ። ባለ ሞላው ነው፣ በእጅ ተጨብጦ የሚከፈተው። ስሰካው የኡኩሌሌዋ አንገት ወደ ታች ያዘነብላል። ክሮቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ከፍ ብለው ከቅኝት ይወጣሉ። የካፖው ጫፍ ደግሞ ከአንገቱ አልፎ ስለሚወጣ እጄን እየነካ ያስቸግረኛል።

ለትንሽ መሣሪያ የሚሆን፣ ውድ ያልሆነ ካፖ የትኛው ነው? እዚህ ስፈልግ ምን ምኑን ልይ?

የጦሳ_ልጅ

አብሽሪ እህቴ፣ እስክትገዢ ድረስ በእርሳስ ይሠራል። ባለ ስድስት ጎን እርሳስ ውሰጂ፤ ክቡ ይንሸራተታል። ከአንገቱ ስፋት ትንሽ አስረዝመሽ ቁረጪው፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። በሁለቱም ጫፍ ላስቲኩ የሚያርፍበት ጭረት በቢላ አብጂለት። ከዚያ ክሮቹ ላይ አጋድመሽ፣ ላስቲኩን ከአንገቱ ሥር አዙረሽ ሌላው ጫፍ ላይ ታጠልቂዋለሽ። ብር የሚታሰርበትን ቀጭን ላስቲክ ደርበሽ ብታዞሪው ይይዛል። ልብስ ሰፊዎች ጋ ያለው ጠፍጣፋ ላስቲክ ግን በጣም ይሻላል።

እኔ ዶርም ውስጥ በዚሁ ነው የምጫወተው። ጊታሬ ባለ ናይለን ነው።

ጋሽ_ጠጋኝ

ልጄ፣ ፒያሳ አካባቢ የክር መሣሪያ እጠግናለሁ። የሚበዛው ጊታር ነው፤ ኡኩሌሌም አልፎ አልፎ ይመጣል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የተላከልሽ ካፖ መጥፎ ዕቃ ላይሆን ይችላል። የተሠራው ግን ለሌላ አንገት ነው። የተለመደው ጊታር አንገት በነቱ (ክሮቹ በመቃኛው በኩል በሚያርፉበት ጠርዝ) በኩል 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ክላሲክ የሚባለው 52። የኡኩሌሌ 35 አካባቢ ነው። ትርፉ ብረት ነው እጅሽን የሚነካሽ። ሞላው ደግሞ የተመጠነው ስድስት የብረት ክር እንዲጫን ነው። አራት ናይለን ክር ያን ሁሉ ጉልበት አይፈልግም። ከመጠን በላይ ሲጫን ክሩ ከፍሬቱ ኋላ ወደ እንጨቱ ይጎብጣል። ሲጎብጥ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ከፍ ይላል። ሁሉም ክር ትንሽ ትንሽ ከፍ አለ ያልሽው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። በሶፕራኖ ላይ ክሩ ከነቱ እስከ ብሪጁ (ገላው ላይ እስከሚያርፍበት) 35 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የጊታር 65 ነው። ስለዚህ ፍሬቶቹ ተጠጋግተዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ፍሬት መካከል ያለው ቦታ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወፍራም የጊታር ካፖ እዚያ ሲገባ ወይ ፍሬቱን ራሱን ይጋልባል፣ ወይ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፍሬቱን ከጋለበ ክሩ ይታፈናል። ወደ ኋላ ከሸሸ ክሩ ይጎብጣል።

እና ምን ትግዢ? የምትፈልጊው ሦስት ነገር ያለው ነው፦ ቀላል ክብደት፣ አጭር መጫኛ፣ የምትመጥኚው ግፊት። ለዚህ የሚሻለው ባለ ብሎኑ ነው። ብሎኑን ቀስ እያልሽ ታጠብቂዋለሽ፤ ክሮቹ ጥርት ብለው በጮሁበት ቅጽበት ታቆሚያለሽ። ሞላ ያለው ግን የራሱ ጉልበት ነው ያለው፤ አንቺ አታዝዢውም። ለኡኩሌሌ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ባለ ሞላም አለ። ቀለል ያለ ሞላ ከሆነ ይሠራል፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን የግድ በራስሽ መሣሪያ ሞክሪው።

ከሁሉ የሚረክሰው የጨርቅ ላስቲክ ማሰሪያ ያለው ነው። አንድ ትንሽ መጫኛ ከላይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ከሥር። ክብደቱ አይሰማሽም። ለናይለን ክር በቂ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ላስቲኩ እየቆየ ይላላል፤ ስትስቢው ደግሞ ክሮቹን ወደ ጎን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በደንብ ካሰርሽው ግን ለአንቺ ሥራ አያንስም። ለዘፈን ማጀቢያ ነው የምትፈልጊው፤ ዋጋው ከአንድ ሙሉ የኡኩሌሌ ክር ዋጋ ከበለጠ አትግዢው።

የሆጤዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ሱቅ ስሄድ ባለ ሱቁ "ለሁሉም ይሆናል" ነው የሚለኝ። ጠፍጣፋና ቆልመም ያለ መጫኛ ያላቸው አየሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጋሽ_ጠጋኝ

ለሁሉም የሚሆን የለም። ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው።

ብዙ የብረት ክር ጊታሮች ፍሬቶቹ ያሉበት ሰሌዳ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው። ለእነሱ ካፖው ቆልመም ብሎ ይሠራል። ኡኩሌሌና ክላሲክ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ናቸው። ቆልማማውን ጠፍጣፋው ላይ ብታደርጊው ዳር ያሉት ሁለት ክሮች ይያዛሉ፤ መሐል ያሉት ሲና ኢ ግን ዝዝዝ ይላሉ። ጠፍጣፋውን ጉብ ባለው ላይ ስታደርጊው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ዳር ያሉት ይላላሉ።

ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። አንድ ፍሬት ላይ ከክሮቹ ሥር በአግድም አስገቢና ጠርዙን ብርሃን ላይ እዪው። ዳርና ዳሩ ላይ ብርሃን ካላሳለፈ ሰሌዳሽ ጠፍጣፋ ነው።

ሱቅ ስትሄጂ ኡኩሌሌዋን ይዘሽ ሂጂ። ሳትሞክሪ አትክፈዪ። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ፍሬት ላይ እየሰካሽ እያንዳንዱን ክር ለብቻ ምቺ። አንድ ክር ከታፈነ ወይ ካንቀጠቀጠ መልሺው። መጫኛው ላይ ያለውን ጎማም በጥፍርሽ ጫን በዪው። እንደ ሊጥ የሚገባ ከሆነ ክሩ ሰርጎ ጉድጓድ ይሠራበታል። ጠንከር ብሎ ትንሽ ብቻ የሚለጠጥ ይሁን። ጎማው በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ዳርዳሩን እዪው፤ ርካሾቹ ላይ ቶሎ የሚላቀቀው እሱ ነው። ከአንገቱ ጀርባ የሚያርፈው በኩልም ጎማ ወይም ስፖንጅ ይኑረው፤ ራቁት ብረት ከሆነ ቀለሙን ይፍቀዋል።

ቦርከና_ማንዶሊን

ሰላም ከኮምቦልቻ። እኔ የማንዶሊኑን በኩል ልጨምር፣ ርዕሱ ላይ ስላያችሁት።

ማንዶሊን አንገቱ ከኡኩሌሌም ይጠባል፤ ነቱ ላይ 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ክሩ ግን ስምንት ብረት ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጠመደ። ስለዚህ ካፖው አጭርም ጠንካራም መሆን አለበት። የላስቲኩ ካፖ እዚህ ላይ አይረዳም። እርሳሱማ ጭራሽ።

ጋሼ ስለ ጎማው ያሉት ለእኛ እጥፍ ነው። ጎማው ለስላሳ ከሆነ ከጥንዱ አንዱ ክር ሰርጎ ይገባል፣ ሌላው ይላላል። አንድ ድምፅ መስጠት የነበረባቸው ጥንዶች ሁለት ዓይነት ይጮኻሉ። ደግሞ ብረት ክር በትንሽ ጉብጠት ብዙ ነው ከፍ የሚለው፤ ናይለን ያን ያህል አይቆጣም። ስለዚህ ማንዶሊን ላይ ካፖውን ከፍሬቱ ሥር አስጠግቶ፣ የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማጥበቅ ነው።

እኔ የያዝኩት የባንጆ ካፖ ነው፤ ጠባብና ጠፍጣፋ፣ ባለ ብሎን። የእኔ ማንዶሊን ሰሌዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ገጠመልኝ። ጉብ ያለ ሰሌዳ ያለው ማንዶሊንም አለ፤ ያላችሁ በማስመሪያው መጀመሪያ ለኩ። ሱቅ ላይ የማንዶሊን ተብሎ ከጠፋ የባንጆ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ የአካባቢያችን ነገርም አለ። እዚህ 1,850 ሜትር አካባቢ ነን፣ ሞቃት ነው። ደሴ 2,500 ገደማ ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ለሠርግ ደሴ የሚጫወት ሰው ማንዶሊኑን ከቦርሳ አውጥቶ ወዲያው ካፖ አይስካ። መሣሪያው ቤቱን ይልመድ። ያለ ካፖ ይቃኝ። ካፖው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በቅድሚያ የተዛባ ቅኝት ላይ ካፖ ስትጨምሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሐረጎ_ላይ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ካፖ ሰውን ያሰንፋል ብዬ ነው የማምነው። ዲን፣ ኢን፣ ቢ ማይነርን ብትማሪ ካፖ ለምን ያስፈልጋል? ኡኩሌሌ እኮ አራት ክር ብቻ ነው። አንድ ወር ብትለማመጂ ከየትኛውም ድምፅ ትጫወቻለሽ።

የሆጤዋ

ወንድሜ፣ መማሩን አልጠላም። ግን ነገ ጠዋት ሃያ ምናምን ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እጄን እያየሁ ኮርድ ስፈልግ እነሱ ይበተናሉ። ዓይኔ እነሱ ላይ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ጋሽ_ጠጋኝ

ሐረጎ፣ የምትለው ግማሹ እውነት ነው። ኮርድ መማር ይጠቅማል። ግን ካፖ ኮርድ ላልቻለ ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። የስፔን የፍላሜንኮ ጊታሪስቶችን ተመልከት። በጣት ቅልጥፍና ማን ያህላቸዋል? ካፖ ግን ከእጃቸው አይጠፋም፤ የዘፋኙን ድምፅ ተከትለው ነው የሚያስቀምጡት። ምክንያቱ ክፍት ክር ነው። በጣት ያልተነካ ክር የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ አለ። ኮርዱን በጣት ብቻ ወደ ላይ ስትወስደው ያ ድምፅ ይቀራል። ካፖ ክፍት ክሩን ይዞልህ ይወጣል።

የእነሱ የጥንቱ ካፖ ደግሞ ለእኛ ትምህርት አለው። ከእንጨት ነው የሚሠራው። ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከሥሩ ቆዳ የተለበጠ፣ መሐሉ ላይ አንድ መቃኛ የተሰካበት። ከመቃኛው የወጣው ናይለን ክር በአንገቱ ሥር ዞሮ ተመልሶ ይያያዛል። መቃኛው ሲጠመዘዝ ክሩ ይወጠራል፣ እንጨቱ ክሮቹን ይጫናል። ግፊቱን በጣትህ ትመጥናለህ፤ ክብደቱ ምንም ነው።

መሰንቆ የሚሠራ ሰው ይህን ለመሥራት ምን ይቸግረዋል? መቃኛ መቅረጽ የዕለት ሥራው ነው። ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት፣ የጫማ ቆዳ ቁራጭ፣ የተረፈ የናይለን ክር። እኔ ለሁለት ደንበኞች እንዲህ አሠርቼላቸዋለሁ፤ ከፋብሪካው ርካሽ ካፖ የተሻለ ይይዛል። እዚህ ወሎ ክራርና መሰንቆ የሚሠራ እጅ ሞልቶ ሳለ ካፖ ጠፋ ብሎ አዲስ አበባ መላክ ይቆጨኛል።

የጦሳ_ልጅ

ይሄ የእንጨቱ ደስ ይላል! ጋሼ፣ ፎቶ ካለዎት ይለጥፉልን።

ሌላ ጥያቄ፦ ካፖ ክራር ላይ ይሠራል? ደግሞ ትዝታን ወደ ባቲ መቀየር ይቻላል በካፖ? አንድ ጓደኛዬ ይቻላል ብሎ ሲከራከረኝ ነበር።

አምባሰል_ክራር

ይሄን እኔ ልመልስ፤ ክራር ነው የምጫወተው።

ክራር ላይ አይሠራም። ካፖ ክሩን አንገትና ፍሬት ላይ ነው የሚጫነው። ክራር አንገት የለውም፤ ክሮቹ ከላይ ካለው ቀንበር ተነስተው ባየር ላይ ወርደው ገበቴው ላይ ይያያዛሉ። የምትጫንበት ሰሌዳ ከሌለ ካፖ ምን ይይዛል? ዘፋኙ ከፍ በል ካለህ አምስቱን ወይም ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ ትቃኛለህ። መሰንቆም ያው ነው፣ ፍሬት የለውም።

የጓደኛህ ክርክር ግን መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ካፖ ቅኝት አይቀይርም። ሁሉንም ክር እኩል ነው ከፍ የሚያደርገው። ቅኝትን ቅኝት የሚያደርገው ደግሞ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ካልተነካ ትዝታ ትዝታ ነው፣ ባቲም ባቲ፤ ከፍታው ብቻ ነው የሚለወጠው። አንድ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ ካሰርክ ከሲ የሚነሳው ትዝታ ከዲ ይነሳል። በቃ።

አሁን ለእህታችን የሚጠቅም ነገር ልንገራት። ኡኩሌሌ የሚቃኘው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብሎ ነው። ከሲ የሚነሳው ትዝታ ሜጀር ደግሞ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። እዪው፣ አራቱም ክፍት ክሮች ትዝታ ውስጥ ናቸው! የጎደለችው ዲ ብቻ ናት፤ እሷም ሲ ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ አለች። የትኛውንም ክር ሳትይዢ ብትመቺ ከቅኝቱ አትወጪም። እነዚያኑ ድምፆች ይዘሽ መነሻሽን ኤ ላይ ብታደርጊ ደግሞ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናል፤ ይሄ ባቲ ማይነር ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሊነኩት ይችላሉ።

ካፖው ጥቅሙ እዚህ ላይ ይበልጣል። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስታስሪው ክፍት ክሮቹ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕና ቢ ይሆናሉ። አሁንም ሁሉም ከዲ በሚነሳው ትዝታ ውስጥ ናቸው። ክፍት ክር እየመቱ ማጀብን ሳታጪ ከልጆቹ ድምፅ ጋር ትገናኛለሽ።

አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ግን ይሄ አይሆንም። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ክፍት ያሉት ኢና ኤ ይጣላሉ። መነሻውን የትም ብትወስጂው አራቱም ክፍት ክሮች አብረው አይገቡለትም፤ ካፖም አያስታርቃቸውም። እሱን በጣት መያዝ ነው። የአምባሰል አገር ልጅ ሆኜ ይሄን ማለቱ ቅር ቢለኝም እውነቱ ይሄ ነው።

ቦርከና_ማንዶሊን

ግሩም ነው ወንድሜ። ማንዶሊንም ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ስለሆነ ከሲ ለሚነሳው ትዝታ አራቱም ጥንድ ይገባሉ። ከጂ ለሚነሳውም እንዲሁ። ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሐረጎ_ላይ

ስለ ክፍት ክሩ ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። አምባሰልም ያብራራው ጥሩ ነው። ለማጀቢያ ከሆነ ተቀብያለሁ። ግን አብሯት ሌላ ሰው ቢጫወትስ? ያለ ካፖ ጊታር የያዘ ሰው በየትኛው ኮርድ ይግባ?

አምባሰል_ክራር

ፍሬቱን ቆጥሮ መጨመር ነው። እሷ ሁለተኛው ላይ አስራ ሲ ስትይዝ የሚሰማው ዲ ነው፤ ኤፍ ስትይዝ ጂ፣ ጂ ሰባት ስትይዝ ኤ ሰባት፣ ኤ ማይነር ስትይዝ ቢ ማይነር። ጊታሪስቱ እነዚህን ይይዛል። ሦስተኛው ላይ ካሰረች ሲ ስትይዝ የሚሰማው ኢ ፍላት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ጊታሪስቱም ካፖ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው ሲቀላቀልሽ ሁለተኛው ፍሬት ይመረጣል።

የሆጤዋ

ወንድሞቼና ጋሼ፣ ምን ልበላችሁ። ባለ ላስቲኩን ካፖ አገኘሁ፤ ፒያሳ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ። ኡኩሌሌዋን ይዤ ሄጄ እዚያው ቆሜ ሞከርኩት። ሰሌዳዋ ጠፍጣፋ ነው፣ በማስመሪያ አይቻለሁ። አንገቷ አያዘነብልም፤ እጄንም የሚነካኝ የለም። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ልጆቹ ዜማውን ሲይዙት ሰማሁ። ሦስተኛው ላይ የበለጠ ይወዱታል።

ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። አንደኛ፣ ካፖውን ካሰርኩ በኋላ የስልኬ ቱነር (ቅኝት የሚለካው መተግበሪያ) ግራ ይጋባል፤ ክሩን ፍታው፣ ዝቅ አድርገው ይለኛል። ሁለተኛ፣ ኤ ክሩ ትንሽ ወደ ጎን ይሳባል።

ጋሽ_ጠጋኝ

ቱነሩ ኡኩሌሌ በሚለው ላይ ስለሆነ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤን ብቻ ነው የሚፈልገው። ክሮማቲክ ወደሚለው ቀይሪው። ያን ጊዜ የሰማውን ድምፅ በስሙ ይነግርሻል። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከሆንሽ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ማንበብ አለብሽ። የሚያስቸግር ግርግር ባለበት ክፍል ደግሞ የመሣሪያው ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ቱነር ይሻላል፤ የሚሰማው በእንጨቱ ንዝረት ስለሆነ የልጆቹ ጩኸት አያውከውም።

ክሩ ወደ ጎን የሚሄደው ላስቲኩን በአንድ እጅ ስትስቢ ነው። መጀመሪያ መጫኛውን በግራ አውራ ጣትሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ያዢው፤ ከፍሬቱ ኋላ ልክ አስጠግተሽ፣ ፍሬቱን ሳትነኪ። እሱ ሳይንቀሳቀስ ላስቲኩን በቀኝሽ አዙረሽ ቀዳዳው ላይ አጥልቂ። ካሰርሽ በኋላ እያንዳንዱን ክር በጣትሽ ትንሽ ሳብ አድርገሽ ልቀቂው፤ የተንሻፈፈው ወደ መስመሩ ይመለሳል። መጀመሪያ በላላው ቀዳዳ ጀምሪ። ካንቀጠቀጠ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ስትጨርሺ ፍቺው። አንገቱ ላይ ታስሮ ካደረ ላስቲኩ ይላላል፣ ጎማውም የክሩን ቅርጽ ይይዛል። ላስቲኩ ሲደክም ካፖውን አትጣይው፤ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ያንኑ ስፋት ያለው ላስቲክ ያስገቡልሽ። ጎማው ሲያልቅ ደግሞ ጎሚስታ ቤት የተጣለ ከመነዳሪ ትንሽ ቁራጭ ለምኚና በማጣበቂያ ለጥፊበት። ውፍረቱ ልክ ነው።

ከአምስተኛው ፍሬት በላይ አትውጪ። ያን ጊዜ የቀረልሽ ክር ከሙሉው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ሶፕራኖ ላይ ጣት አይገባም፣ ድምፁም ይሳሳል።

የሆጤዋ

ክሮማቲክ ላይ አደረግኩት፣ በትክክል ያነባል። ኤ ክሩም በአውራ ጣት ስይዘው ተስተካከለ። ዕድሜ ይስጥዎት ጋሼ።

ቡርቃ

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። እኔ ያለኝ ጊታሌሌ ነው፣ ትንሿ ባለ ስድስት ክር። የኡኩሌሌ ካፖ ይበቃታል? ኮምቦልቻ ነኝ።

ቦርከና_ማንዶሊን

አይበቃትም እህቴ። ጊታሌሌ አጭር ብትሆንም አንገቷ ሰፊ ነው፣ ወደ ክላሲክ ጊታር ይጠጋል። የኡኩሌሌው መጫኛ ስድስተኛው ክር ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ጠፍጣፋ የክላሲክ ጊታር ካፖ ፈልጊ፤ ባለ ላስቲኩም ሰፊው ዓይነት አለው።

ግን መጀመሪያ ካፖ ያስፈልግሽ እንደሆነ እዪ። ጊታሌሌ የሚቃኘው ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው። ይህ አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ የታሰረበት ጊታር ማለት ነው። የጊታር ጂ ስትይዢ የሚሰማው ሲ ነው። ለድምፅሽ ከፍ አለ ካልሽ ካፖ አያወርደውም፤ ካፖ ወደ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ክሮቹን እኩል ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ቃኚ።

ቡርቃ

ከፍ ነው ያለብኝ። እንግዲያው ዝቅ አድርጌ እቃኛታለሁ፤ ካፖውን አልገዛም። አመሰግናለሁ።